«ባለቤቴ ‹ጉበት ሲ አለብህ› ተባለ፤ ኩባያውን ለየሁበት»

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ዓምድ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለቤቴ 47 ሞልቶታል። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። እሱ የሴራሚክ ሥራ ይሠራል፤ ሕንፃ ወዳለበት ሁሉ ይሄዳል። እኔ ከብሎካችን ሥር ጀበና ቡና አፈላለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክፉ አልኖርንም።

ከሁለት ወር በፊት ድካም ድካም እያለው፣ ሆዱንም እየነፋው ሲያስቸግረው ሰፈራችን ውስጥ ወዳለ የግል ክሊኒክ ሄደ። ጨጓራ ነው ብለን ነበር። ደም ሰጠ፣ ሽንትና ሰገራ ሰጠ፤ ሲመለስ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «ጉበት ሲ አለብህ ተባልኩ» አለኝ። «መድኃኒቱስ?» ስለው «ትልቅ ሆስፒታል ሂድ ነው ያሉኝ፤ ሌላ ያሉኝ ነገር የለም» አለ። ወረቀቱ ላይ «ኤች ሲ ቪ አንቲቦዲ፦ ሪአክቲቭ» ይላል። ከዚያ በላይ ቃል የለበትም።

እውነቱን ልንገርዎ፣ የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ተነስቼ የሻይ ኩባያውን ለየሁ። እንዳይምታታብኝ ብዬ የኩባያው ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ሳህኑንም ለየሁ። «ለሆድህ ለስለስ ያለ ልሥራልህ» እያልኩ ከመሶቡ ለይቼ ለብቻው ማቅረብ ጀመርኩ። ለልጆቹ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሱ ምንም አላለኝም። አንድ ማታ ግን ትንሹ ልጄ በአባቱ ኩባያ ውኃ ሊጠጣ ሲያነሳ እህቱ ቀማችውና «ይኼ የአባባ ነው፣ አይነካም!» አለችው። ባለቤቴ ዝም ብሎ ተነሳ። ኩባያውን ወስዶ ራሱ አጠበና መስኮቱ ላይ ደፋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩባያውን የሚያጥበው ራሱ ነው። ልጆቹንም አያጎርስም።

ለታላቅ እህቴ ብነግራት «ይኼ የደም በሽታ ነው፤ ከሴት ነው ያመጣው» አለችኝ። ባለቤቴን አውቀዋለሁ፤ ቃሏ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። አማቴ ደግሞ ከምንጃር መጥተው «የወፍ በሽታ ነው፤ የሐኪም ቤት መድኃኒት አይሆነውም» እያሉ መድኃኒት ወደሚያጠጣ ሰው ካልወሰድኩት ይላሉ። ዓይኑ ግን ቢጫ አልሆነም። እሱ ለሁላችንም መልሱ «ተዉኝ» ነው። «እንደገና ተመርምሬ ምን ልሆን ነው? አንዴ ነገሩኝ አይደል?» ይላል። ሥራውን አልተወም። እጁ በሴራሚክ ስለት ሁልጊዜ የተቆራረጠ ነው፤ ያንን ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ጎረቤት ከሰማ ደግሞ ቡናዬን የሚጠጣልኝ አይኖርም።

እኔና ልጆቼ ይዞን ይሆን? ኩባያውን መለየቴ ልክ ነው ወይስ በደል ነው? ሌላ ምርመራ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ያስፈልገዋል ወይስ ገንዘብ ለመብላት ነው? ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

እህቴ፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ ሁለት ወር ሙሉ ቤታችሁን ስታስተዳድር ቆይታለች። ከእሷ ልጀምር፤ ምክንያቱም ባለቤትሽ ክሊኒኩ ውስጥ የሰማውና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር አንድ አይደሉም። «አንቲቦዲ፦ ሪአክቲቭ» ማለት ሰውነቱ በሆነ ዘመን ከጉበት ሲ ቫይረስ (ኤች ሲ ቪ) ጋር ተገናኝቶ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። ቫይረሱ ዛሬ ደሙ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን ያ ወረቀት አያውቀውም።

«ፖዘቲቭ ፖዘቲቭ ነው እንጂ ምን ሌላ ትርጉም አለው?» ትይኝ ይሆናል። እኛ ይህን ቃል የተማርነው ከኤች አይ ቪ ነው። ሰውነት ኤች አይ ቪን በራሱ ጠራርጎ አያስወጣም፤ ስለዚህ አንቲቦዲው ተገኝቶ በተከታዩ ምርመራ ከተረጋገጠ ቫይረሱም አለ ማለት ነው። ጉበት ቢ ደግሞ ሌላ ነው። ለእሱ የሚደረገው የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የራሱን የላይ ልባስ ነው፤ ከተገኘ ቫይረሱ እዚያው አለ። የጉበት ሲው ፈጣን ምርመራ ግን ቫይረሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ሊታገል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ጠብታ ደም፣ ትንሽ ፕላስቲክ፣ አንድ መስመር ወይም ሁለት መስመር። የተቸኮለ ባለሙያ ልዩነቱን ሳያስረዳ «አለብህ» ብሎ ያሰናብታል፤ የሚከፍለው ግን እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ነው። ይኼ ያናድደኛል፤ አልደብቅሽም።

ቡና የምታፈዪ ሰው ነሽና ነገሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ማለዳ ምድጃሽ ላይ አመድ ታያለሽ። አመዱ ትናንት እሳት እንደነበረ ይነግርሻል፤ ከሥሩ ፍም ይኑር አይኑር ግን አይነግርሽም። ለዚያ መቆስቆስ ያስፈልጋል። አንቲቦዲው አመዱ ነው። ለባለቤትሽ የተነገረው አመድ መገኘቱ ነው፤ እስካሁን የቆሰቆሰለት ሰው የለም።

ፍሙ ጠፍቶ አመዱ ብቻ የቀረላቸው ሰዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቫይረሱ ከገባባቸው 100 ሰዎች 30 ያህሉ ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ በ6 ወር ውስጥ ራሳቸው ያስወግዱታል። በቀሩት 70 ያህሉ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። አንቲቦዲው ግን በሁለቱም ወገን ለረጅም ዘመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የዳነው ሰውም፣ ዛሬ ቫይረሱ ያለበት ሰውም ከክሊኒክ ይዘው የሚወጡት ያንኑ «ሪአክቲቭ» ነው። ጨርሶ ቫይረሱ ያልነካው ሰውም በፈጣን ምርመራ ስህተት አልፎ አልፎ እንደዚያው ይባላል።

የሚቆሰቁሰው ምርመራ «የሄፓታይተስ ሲ ቫይራል ሎድ» ይባላል፤ ሄፓታይተስ ሲ ማለት ያው ጉበት ሲ ነው። አንዳንዱ ቤተ ሙከራ «ፒ ሲ አር»፣ ሌላው «ኤች ሲ ቪ አር ኤን ኤ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ስሙ አያምታታሽ፣ ለእናንተ አንድ ነው። የቫይረሱን የራሱን የዘር ቅንጣት ከደሙ ውስጥ ፈልጎ፣ ማሽን ውስጥ ደጋግሞ አባዝቶ፣ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ይላል። ከባለቤትሽ የሚፈለገው ከክንዱ የሚቀዳ አንድ ብልቃጥ ደም ነው። ጾሙን መሄድም አያስፈልገውም። ገንዘብ ለመብላት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፤ አይደለም። እንዲያውም ያለዚህ ምርመራ «በሽታው አለብህ» ሊባል አይገባም ነበር፤ ሐኪምም መድኃኒት የሚጀምረው ቫይረሱ ራሱ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀየር፣ ለአንቺም የአንድ ቀን ቡና እንደሚቀርብሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሄፓታይተስ ሲ ቫይራል ሎድ ይሠራል ወይ፣ ደሙ እዚያው ይሠራል ወይስ ሌላ ቦታ ይላካል፣ ዋጋውስ ስንት ነው በሉ። ለቲቢ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ለዚህ ቫይረስም የተሠራ ካርትሬጅ አለው፤ ካርትሬጁ ግን ማሽኑ ባለበት ሁሉ አይገኝም፤ ሳይጠይቁ መሄድ የሚያስቆጨው ለዚህ ነው። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ፤ ምርመራው በመድኑ ይሸፈን እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም የጉበት ስፔሻሊስቶች ስላሏቸው ሪፈሩ ወደዚያ ቢሆን ውጤቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ ሰውም ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ያንኑ ፈጣን ምርመራ ደግመው ያሠሯችሁና ያንኑ መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ውጤቱ «ኖት ዲቴክትድ» ካለ ቫይረሱ የለበትም። መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ለማንም አያስተላልፍም። ባለፉት 6 ወራት የተጋለጠበት አዲስ ነገር ካለ ብቻ ሐኪሙ ሊደግመው ይችላል። ያን ወረቀት እንደ ቤት ካርታ አስቀምጪው። አንቲቦዲው አብሮት ስለሚኖር ነገ ለሥራም ሆነ ለውጭ ጉዞ ሲመረመር እንደገና «ሪአክቲቭ» ይሉታል፤ ያን ጊዜ የሚሟገትለት ይህ ሁለተኛው ወረቀት ነው።

«ዲቴክትድ» ብሎ ከጎኑ ቁጥር ካስቀመጠ ቫይረሱ አለ። ቁጥሩ በመቶ ሺዎች፣ በሚሊዮንም ሊቆጠር ይችላል፤ ስታዩት እንዳትደነግጡ አስቀድሜ ልንገርሽ። ጉበት ሲ ላይ የቁጥሩ ትልቅነት ጉበቱ ምን ያህል እንደተጎዳ አይናገርም። ሚሊዮን ተጽፎለት ጉበቱ ደህና የሆነ ሰው አለ፤ ትንሽ ቁጥር ይዞ ጉበቱ የጠነከረበትም አለ። ስለ ጉበቱ የሚናገሩት የጉበት ኢንዛይሞች፣ የደሙ ፕሌትሌትና አልትራሳውንድ ናቸው፤ እነሱን ሐኪሙ ያዛል። አንዳንዴ ደግሞ ቁጥር ሳይኖር «ተገኝቷል፣ ግን ሊቆጠር ከሚችለው በታች ነው» የሚል ውጤት ይመጣል። ይህ «የለም» ማለት አይደለምና ራሳችሁ ተርጉማችሁ እንዳትገላገሉት።

ቫይረሱ ቢገኝስ? ጉበት ሲ የሚድን በሽታ ነው። እንደ ኤች አይ ቪ ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወሰድበት አይደለም። ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጡ ክኒኖች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ለ12 ሳምንት፣ ጉበቱ በጠባሳ ከጠነከረ ደግሞ እስከ 24 ሳምንት ይወሰዳሉ። በእንደዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ከታከሙት 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቢ ምርመራ መደረጉን አረጋግጡ፤ ሁለቱም ባሉበት ሰው ላይ ሲው ሲታከም ቢው ሊነሳ ስለሚችል ነው። መዳኑ የሚታወቀው ክኒኑ ካለቀ 12 ሳምንት ቆይቶ በሚደረግ ቫይራል ሎድ ነው። ያን ጊዜ ማንም በፈጣኑ ምርመራ «አልዳንክም» እንዳይለው፤ አመዱ እንደሆነ ይቀራል።

«ተዉኝ» ማለቱ ግን ዋጋ አለው። ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው 100 ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው ወደ ሲሮሲስ፣ ማለትም በጠባሳ ወደ መጠንከር ይሄዳል። ባለቤትሽ ቫይረሱ ካለበት የገባው ትናንት ላይሆን ይችላል፤ 20 ዓመቱ መቼ እንደጀመረ አናውቅም። ይህን የምነግርሽ አንቺ ቀጠሮውን እንዳታዘገዪ ነው፤ እሱን ለማስፈራራት እንዳትጠቀሚበት አደራ።

አሁን ወደ ኩባያው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም ነው። በኩባያ፣ በሳህን፣ በመሶብ፣ በጉርሻ፣ በመሳም፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ስለዚህ ኩባያውን መለየትሽ ልጆችሽን ከምንም አላዳናቸውም። ልክ ነው ወይስ በደል ላልሽኝ፣ ሳታውቂ በፍርሃት ያደረግሽው ነው፤ እሱን ግን ጎድቶታል፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ አንዲት የአባቴ እህት ለብቻዋ ሳህን ነበራት። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ሳህኗ ግን ከሌሎቹ ርቃ ከበሩ ኋላ ተደፍታ ትቀመጥ ነበር። አክስቴ ስትሞት ቀብሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው ብዛት ሳይ ትዝ ያለችኝ ያቺ ሳህን ናት። የባለቤትሽን ኩባያ መስኮቱ ላይ ተደፍቶ ሳነብ ያቺን ሳህን እንደገና አየኋት።

መለየት ያለበት ደም የሚነካው ነገር ነው። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ መርፌ፤ እነዚህ ለሁሉም ሰው ለየብቻ ይሁኑ፤ ይህማ በሽታ በሌለበት ቤትም ሊሆን የሚገባው ነው። የልጆቹን ፀጉር በእሱ ምላጭ ትላጪ ከነበረ ተዪው። የእጁን ቁስል በፕላስተር ይሸፍን፣ ሥራ ላይ ጓንት ያድርግ፤ ደም ከፈሰሰ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል በበረኪና ይጠረግ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሥራውን መተው የለበትም። ቡናሽም ምንም አልሆነ። ለጎረቤት የመናገር ግዴታ የለብሽም፤ የሱ የደም ውጤት የሱ ነው። እስኪጣራ ድረስ ግን አረቄውም ጠጁም ይቅርበት፤ ጉበት የሚወደው ነገር አይደለም።

ስለ እህትሽ ቃል። ይህ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሊተላለፍ ቢችልም አንድ ለአንድ በሚኖሩ ባልና ሚስት መካከል ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። አንዱ ይዞት ሌላው ሳይዘው ለዓመታት የኖሩ ባለትዳሮች ብዙ ናቸው። በብዛት የሚተላለፈው ባልተቀቀለ መርፌ፣ ባልጸዳ ስለትና ባልተመረመረ ደም ነው። ቫይረሱ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በፈረንጆቹ 1989 ነው፤ ባለቤትሽ የ10 ዓመት ልጅ ገደማ ሳለ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ስም እንኳ ስላልነበራቸው «ጉበት ‹ኤ›ም ጉበት ‹ቢ›ም ያልሆነ» ነበር የሚሉት፤ ያገኙት ሳይንቲስቶች በ2020 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። እስኪ ያን ጊዜ ገጠር ያደገ ልጅ አስቢ። አንዱ የመስታወት መርፌ ከልጅ ወደ ልጅ ይዞር ነበር። እንጥል ይቆረጥ ነበር፣ ዋግምት ይደረግ ነበር፣ ጥርስ በጉጠት ይነቀል ነበር። ባለቤትሽ ከየትኛው እንዳገኘው ምናልባት መቼም አይታወቅም፤ ወረቀቱ ግን በትዳራችሁ ላይ የሚመሰክረው ነገር የለም።

አማትሽንም እዚህ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። የልጅነቱን ታሪክ የሚያውቁ ሌላ ሰው በቤታችሁ የለም። እንደ ተቃዋሚ አትያቸው። ቡናሽን አፍልተሽ «እማማ፣ ልጅ ሳለ መርፌ ተወግቶ ያውቃል? እንጥሉንስ አስቆርጣችሁት ነበር? ደም ፈስሶት ሆስፒታል ተኝቶ ያውቃል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሳቸውን ጻፊና ለሐኪሙ ውሰጂ። ሰው ሲጠየቅ ይለሳለሳል፤ እሳቸውም ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ነው የሚጨነቁት። የሚጠጣውን መድኃኒት ግን እስኪጣራ ያቆዩልሽ ዘንድ ለምኛቸው። ጉበት የሚጎዱ ዕፅዋት አሉ፤ ልኩ የማይታወቅ ነገር ጠጥቶ የመጣን ሰው ሐኪምም ምን እንደጎዳው መለየት ይከብደዋል። ደግሞ በእሳቸው ሚዛንም ቢሆን የወፍ በሽታ ዓይን ያስቢጫል፤ የሱ ዓይን ነጭ ነው። ጠበል ልውሰደው ካሉ ይውሰዱት፤ ጠበል ምርመራን አያስቀርም።

ከባድ ሆኖ የሚታየኝ ባለቤትሽ ጋር የምትነጋገሩት ነገር ነው። «አንዴ ነገሩኝ አይደል?» ይላል። አየሽ፣ ፍርዱ ያለቀ መስሎታል። ነጻ ሊያወጣው የሚችል ምርመራ መኖሩን የነገረው የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ እሱም ልጆቹን ይፈራላቸዋል፤ ማጉረስ ያቆመው አንቺ ከልክለሽው አይደለም። ሁለታችሁ ልጆቹ ሳይኖሩ ለብቻችሁ ከተቀመጣችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? የእህትሽን ወሬ ሰምቶ ይሆን? አንቺስ እንዳመንሽባት ይጠረጥር ይሆን? ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሁለቱን ነገር በአንድ ቀን አላነሳም ነበር። መጀመሪያ የኩባያውን ብቻ። «ኩባያህን የለየሁት ሳላውቅ ነው፤ ፈርቼ ነው፤ አጥፍቻለሁ» በይው። ቶሎ ይቅርታ ካላደረገልሽ አትጫኚው። ምርመራውን በሌላ ቀን አንሺ፤ በእሱ ሳይሆን በራስሽ ጀምሪ። «እኔ ልመረመር ነው፤ ብቻዬን ፈራሁ፤ አብረኸኝ ሂድ» በይው። ውሸት አይሆንብሽም፤ አንቺም መመርመር አለብሽ። ለአንቺ የሚበቃሽ መጀመሪያ ያው ፈጣኑ የአንቲቦዲ ምርመራ ነው። አንቲቦዲው ከተጋለጡ በኋላ ለመታየት ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችላል፤ በቅርቡ ምላጩ ወይም ደሙ ነክቶሽ ከሆነ ያንን ንገሪያቸው። የአንቺ ነጻ ከሆነ የልጆቹ ጭንቀት አብዛኛው እዚያው ያልቃል፤ ልጆችን የሚይዝበት ዋናው መንገድ በእርግዝናና በወሊድ ከእናት ነው፤ ቫይረሱ ካለባት እናት እንኳ ከ100 ልጆች 6 ያህሉን ነው የሚይዘው። እሱም ከአንቺ ጋር ተቀምጦ ስምሽ ሲጠራ፣ ደምሽ ሲቀዳ ያይ። የራሱን ክንድ እዚያው ይዘረጋ ይሆናል። ካልዘረጋም ወረቀቱ ምን ማለት እንደሆነ ከሐኪሙ አፍ ይስማው፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ያን ጊዜ ይቀላል።

የሆዱን መነፋት ደግሞ ሁሉንም በጉበቱ አታሳቡበት። ጉበት ሲ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ጨጓራው ጨጓራ ሊሆን ይችላልና ለብቻው ይታይለት። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ካበጠ፣ ደም ካስታወከው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ንግግሩ ከተምታታበት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

ቀዩን ክር በተመለከተ ውጤት አትጠብቂ። ውጤቱ አለም ቢል የለምም ቢል ኩባያው ጥፋት የለበትም። ዛሬ ማታ፣ ልጅሽ እያየች፣ ፍቺው።